ከዙህር ነጯ፣ ከዐስር ሮዟ

የደም ግፊት ኪኒኔን የምውጠው በሰላት ነው። ልጆቼ ይስቁብኛል። ትልቁ ልጄ ሰላሀዲን ጂዳ ውስጥ ፋርማሲ ይሠራል፤ የቀናቱ ስም የተጻፈበት የኪኒን ሳጥን አምጥቶልኝ መርፌና ክር አስቀምጬበታለሁ። እኔ ሰግጄ ስጨርስ፣ መስገጃዬን ሳላጥፍ ነው የምውጠው። እንደዚያ ካደረግኩ አልረሳም። ዘዴውን ያየሁት ከእናቴ ነው። ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ ቦታውም መካ፣ ዛሂር፣ የሲቲ ሚርያም ቤት።

ሲቲ በመካ ሰው አፍ አያቴ ማለት ነው። ሲቲ ሚርያምን ጎረቤቱም፣ ሱቅ ያለውም፣ ሁሉም ሲቲ ነበር የሚላቸው። አያታቸው ከወሎ በእግር ለሐጅ መጥተው እዚያው የቀሩ ሰው ናቸው። እሳቸው የተወለዱት መካ ቢሆንም አማርኛ ያውቃሉ፤ ያውም የድሮ ሰው አማርኛ፣ እኛ አገር እንኳ የማይሰማ። አንድ ልጃቸው ሀሺም ግን ከአረብኛ በቀር አይሰማም። እሱ ጂዳ ነው የሚኖረው።

እናቴ ሰዒዳ እሳቸው ቤት የተቀጠረችው የአገራችን ሴት ሁሉ ጂዳ ጂዳ በሚልበት ጊዜ ነው። አባቴ ገና ሦስት ዓመቴ ሳለ ነው የሞተው። እናቴ ለአባቷ፣ ለአያቴ፣ ሰጥታኝ ሄደች። ከሁለት ዓመት በኋላ ጓደኛዋ ሩቅያ ለዑምራ ስትመጣ እኔን ልጄ ናት ብላ ይዛኝ መጣች፤ የዑምራው ጊዜ አለቀ፣ እኛ ቀረን። ሩቅያ ነካሳ፣ ተራራው ላይ፣ አንዲት ክፍል ተከራየች። ሲቲ እናቴን ልጅሽን አምጪያት አሏት፤ እኔም እሳቸው ቤት ገባሁ። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌለኝ ልጅ ነበርኩ። ኢቃማ የሌለው ልጅ ደወል ሲደወል ወደ ማድቤት ይገባል፣ መንገድ ላይ የፖሊስ መኪና ሲያይ የእናቱን ዐባያ ይይዛል። ምክንያቱን አላውቅም ነበር፤ አደራረጉን ግን አውቀው ነበር።

የሲቲ ግፊት አንድ ቦታ አይቆምም። አንድ ቀን ወጥቶ ጆሯቸው ውስጥ ይጮህባቸዋል፣ ፊታቸው ቲማቲም ይመስላል። ሌላ ቀን ወርዶ ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው ይሄዳሉ። ጣሪያችን ላይ የውኃ ታንከር ነበር፤ መኪናው መጥቶ ሲሞላው በግድግዳው ይፈስሳል፣ ሲጎድል ቧንቧው ያንኮራፋል። የሲቲ ደም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ነጯ ኪኒን አንዱን ቧንቧ ስትከፍት፣ ሮዟ ሌላውን ትከፍታለች፣ ከዚያ ታንከሩ ልኩ ላይ ይቆማል ብዬ ነበር የማስበው።

እናቴ ሰዓት ማንበብ አታውቅም ነበር። ሐኪሙ የነገራትን በአዛን ቀየረችው። ከዙህር ሰላት በኋላ ነጯ፣ ከዐስር ሰላት በኋላ ሮዟ። የሲቲ ዓይን በሞራ ስለተሸፈነ የሰጧቸውን ነው የሚውጡት። ሁለቱ አብረው ይሰግዳሉ፣ አሰላምተው ሲጨርሱ እናቴ ኪኒኑን መዳፋቸው ላይ ታስቀምጣለች። አንድም ቀን ስታሳልፍ አላየሁም።

በየወሩ ግን አንድ ሳምንት እናቴ አትሰግድም ነበር።

ይህ ነገር ልቤን ይበላኝ ነበር። ያ ሁሉ ውዱእ፣ ያ ሁሉ ተስቢህ ያላት ሴት ድንገት መስገጃዋን ጠቅልላ ታስቀምጠዋለች። አዛን እየጠራ ሩዝ ትለቅማለች። ለምን ስላት ሰላት የለብኝም ትለኛለች። ሰላት የሌለበት ሰው አለ እንዴ? እናቴ ከጌታዋ ጋር ተኳርፋለች ብዬ ደመደምኩ። እናም በነዚያ ቀኖች እኔ ስሰግድ መጨረሻ ላይ ተጨማሪ ሁለት ረከዓ እሰግዳለሁ፣ ያ የእሷ ነው። ለማንም አልተናገርኩም።

አሁን ሁለት ሴት ልጅ ድሬያለሁ። ይህን ስናገር ፊቴ ይሞቃል። ሐይድ፣ የወር አበባ ላይ ነበረች፣ በቃ። ጌታዋ ራሱ ያነሳላትን እኔ እየቆጠርኩባት ነበር።

በነዚያ ቀኖች ከሲቲ ጎን መስገጃው ላይ የምቆመው እኔ ነበርኩ። ጠዋት እናቴ የሻሼን ጫፍ ትይዝና ነጯን በአንድ ቋጠሮ፣ ሮዟን በሁለት ቋጠሮ ትቋጥርልኛለች። ከዙህር ነጯን፣ ከዐስር ሮዟን፣ ትለኛለች። እኔም መልሼ እላለሁ። ቁርኣን በቃል እንደሚያስጠና ሰው ነበር የምትጠይቀኝ። ያ ሥራ ያኮራኝ ነበር። እናቴ በራቀችበት ጊዜ ለሲቲም ለአላህም የቀረሁት እኔ ነኝ ብዬ።

አንድ ጁምዓ ሩቅያ ጋ ነካሳ ወጣን። ደረጃው እግር ይሰብራል። ክፍሏ ውስጥ ማራገቢያው እየተንጫጫ እናቴና እሷ ያወራሉ፤ እኔ እንደተኛሁ ሆኜ እሰማለሁ። ከአገር የአያቴ መልእክት ደርሷል። ታሟል፣ ሰዒዳን አምጡልኝ ይላል። እናቴ ሀሺምን አንድ ወር ፈቃድ ብትለምነው «እናቴ በሕይወት እያለች የትም አትሄጂም» ብሏታል። ፓስፖርቷ እሱ ዘንድ ነው።

ሩቅያ ነገር ሁሉ ላይ ትቀልዳለች። ያንቺ ሲቲ እንደሆኑ መለከል መውት፣ የሞት መልአኩ፣ ራሱ ቢመጣ ሻይ አጠጥተው፣ ተምር አስይዘው ይመልሱታል አለች። እናቴ አስተግፊሩላህ በይ እያለች ሳቀች። ሳቋ መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ።

«ሲቲ በሕይወት እስካሉ መንገዴ ዝግ ነው» አለች።

«እንግዲያ ዱዓሽን አጥብቂ» አለቻት ሩቅያ።

ዓይኔን ጨፍኜ ሰማሁ። ምን ብላ ነው ዱዓ የምታደርገው? ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ የመጣልኝ መልስ አንድ ብቻ ነበር። ሩቅያ አላህ ይዘንላትና ከዓመታት በኋላ ጠይቄያታለሁ። የሀሺምን ልብ አለስልስልኝ በይ ማለቴ ነበር እንጂ ሌላ ምን ይሆናል አለችኝ።

ከዚያ በኋላ በአራተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ዕለት፣ ሲቲ ጂዳ ቀጠሮ ነበራቸው። ግፊታቸው በዚያ ወር በጣም ስለዋዠቀ ሐኪሙ ሊያያቸው ነው። ሀሺም በራሱ መኪና መጣ። ቀጠሮው ከዐስር በፊት ስለሆነ ይቸኩላል፣ ያላ ያላ ይላል። እናቴ ጠዋት ሻሼን እንደለመደችው ቋጥራልኛለች፤ የማትሰግድበት ሳምንት ነበር። የዘምዘም ውኃ በፔርሙስ ያዘች። ሲቲ ከፊት፣ እኛ ከኋላ ሆነን ወጣን።

ባሕራ ስንደርስ የዙህር አዛን ተባለ። ሀሺም ከመንገዱ ዳር ካለች ትንሽ መስጊድ አቆመ። ዙሪያዋን ጋራዥ ነው፤ ብረት ይበየዳል፣ የጎማ ሽታ አፍንጫ ይሞላል፣ አስፋልቱ በጫማዬ ሥር ይለሰልሳል። ሲቲን ደግፌ ላወርድ ስል እናቴ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለች።

«እኔ አልወርድም። ኪኒናቸውን እንዳትረሺ።»

ያን ጊዜ አፈርኩባት። የአላህ ቤት በር ላይ ደርሳ አልወርድም አለች።

የሴቶቹ በኩል ጠባብ ነበር፤ ከሲቲና ከእኔ በቀር ማንም የለም። ሲቲን የፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው። ሰገዱ። በሁለት ረከዓ አሰላመቱ። ዙህር አራት ረከዓ ነው፤ ረሱ መሰለኝ፣ ትልቅ ሰው ስለሆኑ ዝም አልኩ። አንዱን ቋጠሮ ፈትቼ ነጯን መዳፋቸው ላይ አኖርኩ፣ በውኃ ዋጡ። ከዚያ እግራቸውን አስተካክለው፣ «ተነሽ፣ ዐስርንም እንስገድ» አሉኝ።

«ሲቲ፣ ዐስር ደረሰ እንዴ?»

«ለመንገደኛ ደርሷል። ጌታችን አገራልን።»

ከመካ ስወጣ የመጀመሪያዬ ነበር። መንገደኛ ሁለቱን ሰላት አሳጥሮ በአንድ ጊዜ እንደሚሰግድ ማንም አልነገረኝም። ብቻ ሲቲ ዐስር ነው አሉ፣ በመጋረጃው ማዶም ሀሺም የዐስር ሰላት መጀመሪያ ጥሪውን፣ ኢቃሙን፣ ሲል ሰማሁ። ሁለት ረከዓ ሰገድን። አሰላመቱ። ሁለቱን ቋጠሮ በጥርሴ ፈታሁ፣ ጠብቆ ነበር። ሮዟን አኖርኩላቸው። ባረከላሁ ፊኪ ብለው ራሴን ዳበሱኝ። ከዚያ ሁለት ረከዓ ለእናቴ ሰግጄ ወጣን።

መኪና ውስጥ እናቴ ዋጡ ወይ አለችኝ። ዋጡ አልኳት። ሌላ አልጠየቀችኝም። ከፔርሙሱ ዘምዘም በስኒ ቀድታ ለሲቲ አቀበለቻቸው። ጠጡ።

ያቺን የዘምዘም ስኒ ልብ በሉልኝ። እኔ ከሠላሳ ዓመት በላይ ይዣት ኖሬያለሁ።

ባሕራን አልፈን ብዙም አልሄድን፣ ሲቲ ራሳቸውን መስኮቱ ላይ ጣሉ። እንቅልፍ መስሎን ነበር። ትንሽ ቆይተው፣ «ሰዒዳ፣ ቀኑ ጨለመብኝ» አሉ። ፀሐይዋ ዓይን ታሳውራለች። እናቴ ከኋላ ሆና እጃቸውን ያዘች፣ ቀዝቃዛ ነው አለች፣ ላብ አጥምቋቸዋል። ሀሺም ነዳጁን ረገጠው። እናቴ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ዱዓ ታደርጋለች። የሩቅያ ክፍል ትዝ አለኝ።

ከሐኪም ቤቱ ይልቅ የሀሺም ቤት ይቀርብ ነበር፤ በሩ ላይ ሊያወርዷቸው ሲሉ እግራቸው ከዳቸው፣ ሰማያዊው የብረት በር ሥር ተዘረሩ። የሀሺም ሚስት ዚነት የግፊት መለኪያ ይዛ እየሮጠች መጣች። ጎማውን ጨመቀች፣ አዳመጠች፣ እንደገና ጨመቀች። ሰባ፣ አለች። ከሰባ በታች ሌላ ቁጥር ጠራች፣ አልያዝኩትም። ሀሺም ወደ እናቴ ዞረ። ምን ሰጠሻት አላት በአረብኛ።

እናቴ ወደ እኔ መጣች። የሻሼን ጫፍ አንስታ በጣቶቿ ዳበሰችው። ሒጃቤን ልታስተካክልልኝ መሰለኝ፤ በዚህ ሰዓት የሻሽ ነገር ምን ታየሽ ብዬ ነበር በልቤ። ጫፉ ላይ አንድም ቋጠሮ አልነበረም።

ለቀቀችውና ዞረች።

«አና» አለች በአረብኛ። «እኔ ነኝ የሰጠሁት። ሁለቱንም አንድ ላይ።»

እዚህ ላይ ነው ነገሬ ሁሉ የተበላሸው። እኔ ኪኒኑን በልኩ ሰጥቻለሁ። ከዙህር ነጯን፣ ከዐስር ሮዟን። አላሳሳትኩም፣ አላቀደምኩም፣ ሲቲም ባረኩኝ። ታዲያ እናቴ ሰጠሁ የምትለው የትኞቹን ነው? ሌላ ሁለት መሆን አለበት። በዘምዘሙ ውስጥ። ሲቲ በሕይወት እስካሉ መንገዴ ዝግ ነው ብላለች፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። መስጊድ አልገባም ያለችውም ለዚህ ነው።

ሀሺም በአረብኛ ተናገራት፤ «እናቴ ዓይኗን ካልገለጠች ከዚህ በር የምትወጪው ከፖሊስ ጋር ነው» አላት። ኢቃማዋን ከቦርሳዋ አወጣ፣ ልብስ መተኮሻው ክፍል አስገብቶ ቆለፈባት። ቁልፉን ለዚነት ሰጥቶ ሲቲን ይዞ ሐኪም ቤት ሄደ።

ዚነት የሀሺምን ስልክ እየጠበቀች ሳሎን ስትንጎራደድ እኔ ወደ መተኮሻው ክፍል በር ሄድኩ። በታች በኩል ትንሽ ክፍተት አለ። መሬቱ ላይ ተኝቼ ጠራኋት።

«እማ፣ ለምን?»

«ዝም በይ። ማንም ቢጠይቅሽ እማ ናት የሰጠችው በይ። ሌላ ቃል እንዳይወጣሽ።»

«ወላሂ በይኝ አንቺ እንደሰጠሻቸው።»

የግድግዳው ማቀዝቀዣ ያጉረመርማል።

«በኪኒን አይማልም» አለችኝ።

እናቴ ወላሂ እንዳላለች ልብ ሳልል አደግኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ። በሐሰት የማትምል ሴት እንደሆነች አገር ሁሉ ያውቃል። እኔ ብቻ አልሰማሁትም።

ዚነት ማድቤት አስገብታኝ ብስኩትና ጭማቂ አቀረበችልኝ። አልነካሁትም። ደግ ሴት ነበረች፤ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ፣ መንገድ ላይ ምን ሆነ አለችኝ። እማ ናት የሰጠችው አልኩ። ከዚያ ዝም ማለት አቃተኝ። እናቴን ፖሊስ እንዳይወስዳት የሆነ ምክንያት ማቅረብ ፈለግኩ፤ ለኔ የታየኝ ምክንያት ይህ ነበር።

«እናቴ በዚህ ሳምንት አትሰግድም» አልኳት በአረብኛ። «ሰይጣን የተጠጋት ለዚያ ነው። ባሕራ ላይም መስጊድ አልገባችም።»

«ከመኪና አልወረደችም?»

«አልወረደችም።»

ዚነት እጆቼን አየቻቸው። ረጅም ጊዜ አየቻቸው። ባሕራ ላይ ያቆሸሽኩት መስሎኝ ጠረጴዛው ሥር ደበቅኳቸው። ተነስታ ወደ መተኮሻው ክፍል ሄደች፣ ቁልፉ ሲዞር ሰማሁ። ሁለቱ ሲንሾካሾኩ ቆዩ። ስትመለስ በሩን መልሳ አልቆለፈችውም። ስልኩን አንስታ ሐኪም ቤት ደወለች፣ ከሀሺም ጋር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተነጋገረች፤ የያዝኩት ቃል ቢኖር «አንተም እኮ ሁለቱን አንድ ላይ ሰግደሃል» የሚለውን ነው። እኔን ምን አገባኝ ብዬ ተውኩት።

ለመግሪብ ሰላት ጥቂት ሲቀር ሀሺም መጣ። እናቴ እጇን አጣምራ መተላለፊያው ላይ ቆማለች። ኢቃማዋን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠላትና፣ «እናቴ ትጠራሻለች፣ ነይ» አላት። ፊቱ አይታይም ነበር፤ ጎንበስ ብሎ ነበር የሚናገረው።

ሲቲ በግሉኮስ ተኝተው አገኘናቸው። ግፊታቸው ተመልሷል። ክፍሉ ውስጥ ሐኪሙም ነበር። ሲቲ ለሐኪሙም ለልጃቸውም በአረብኛ ተናገሩ፤ እኔ ነኝ፣ መንገዱ ያደክመኛል ብዬ ሁለቱንም በራሴ እጅ የዋጥኩት፣ ሰዒዳን ማንም እንዳይናገራት አሉ። ከዚያ እኔን በአማርኛ ጠሩኝ።

«ነይ ሀሰና። እጅሽን አምጪ።»

ሰጠኋቸው። መርፌ በተተከለበት እጃቸው ይዘው ፊታቸው ላይ አደረጉት።

«ይህች እጅ ምንም አላጠፋችም። ትሰሚኛለሽ? ምንም።»

እኔ የሰማሁት ሌላ ነው። የሲቲ እዝነት ታየኝ። ልትገድላቸው የነበረችውን ሰው ለመሸፈን በእርጅናቸው ዋሹ፣ እናቷ ብታጠፋም ልጅቷ ንጹሕ ናት እያሉኝ ነው ብዬ አለቀስኩ። እናቴም ታለቅስ ነበር። ተጸጸተች አልኩ።

ከዚያ ወር በኋላ ሲቲ ሀሺምን ተቆጥተው የእናቴን ፈቃድ አስፈቀዱላት። ሄደች፣ አባቷን በሕይወት አገኘችው፣ በወሩ ወደ ሲቲ ተመለሰች። ሌላዋ ብትሆን በዚያው ትቀር ነበር። እሷ ግን ሲቲ ጀንበራቸው እስክትጠልቅ ሦስት ዓመት አጠገባቸው ነበረች፤ በመጨረሻ ሰዓታቸው ሸሃዳ ያስያዘቻቸውም እሷ ናት። ከባሕራው ቀን ማግሥት ጀምሮ የግድግዳ ሰዓት ገዝታ፣ ዚነት ቁጥሩን አስተምራት፣ የሲቲን ኪኒን በአዛን መስጠት አቆመች። ይህን ሁሉ በዓይኔ አይቻለሁ። ያየሁትን ሁሉ ግን የጸጸት ሥራ ነው ብዬ መዘገብኩት።

የሚያሳፍረኝን ልናገር። በዚያው ዓመት ትኩሳት ያዘኝ። እናቴ የመድኃኒት ሽሮፕ በማንኪያ ቀድታ አመጣችልኝ። አፌን ዘጋሁ።

«መጀመሪያ አንቺ ቅመሺው» አልኳት።

አየችኝ። ማንኪያውን ወደ አፏ አድርጋ ቀመሰች፣ ከዚያ ለኔ ሰጠችኝ። ከዚያ ወዲያ ሳልጠይቃትም ውኃም ሆነ ሻይ ስታቀብለኝ መጀመሪያ ፉት ማለት ለመደች። ሰው ፊት እንኳ። ሰዎች የወሎ ባህል ነው ወይ ይሏት ነበር፣ ትስቃለች።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ጂዳ አገባሁ። እናቴ ኮምቦልቻ ገባች። ልብስ እልክላታለሁ፣ በዒድ እደውላለሁ፣ ልጆቼን ስትመጣ አሳያታለሁ። ሐቋን የጎደልኩባት አይመስለኝም ነበር። ብቻ ከእሷ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ስሆን ሁሌ እንግዳ እንደመጣብኝ ሰው ቀጥ ብዬ ነው የምቀመጠው። ይቅር ብያታለሁ እል ነበር። ይቅር ያልኩትን ነገር ግን አንድም ቀን አላነሳሁባትም፣ እሷም አላነሳችብኝም።

ባለፈው የሸዕባን ወር ለዑምራ መጣች። ስድሳ ዓመት አልፏታል፣ ጉልበቷን ያማታል። ሰላሀዲን መኪና ይዞ ከጂዳ ወደ መካ ወሰደን። ከቤት አርፍደን ስለወጣን ባሕራ ላይ ዙህር ደረሰብን። መስጊዷ ታድሳለች፣ ማቀዝቀዣ ገብቶላታል፣ የሴቶቹ በር ግን እዚያው ነው። በዚህ ጊዜ እናቴ ወረደች። ወንበር ላይ ተቀምጣ ከጎኔ ሰገደች።

ዙህርን ሁለት ረከዓ ሰገድን። ነጯን ከቦርሳዬ አውጥቼ ዋጥኩ። ዐስርን አስከትለን ሁለት ረከዓ ሰገድን። አሰላመትኩ፣ እንደ ልማዴ ሮዟን አወጣሁ። ሮዟ ከተጨመረችልኝ ገና አሥር ቀኗ ነው። ወደ አፌ ሳደርስ የእናቴ እጅ የእጅ አንጓዬን ያዘው። አያያዟ ያማል። በዚያ ዕድሜዋ ያ ኃይል ከየት እንደመጣ አላውቅም።

«አሁን አይሆንም።»

«ዐስርን ሰገድን እኮ፣ እማ» አልኳት።

ይህን ስል የራሴን ድምፅ ሰማሁት። ኪኒኗ መዳፌ ላይ ነች። የእናቴን ፊት አየሁ፤ ፈርታ ነበር፣ ያኔ በሰማያዊው በር ሥር ሻሼን ስትዳብስ እንደፈራችው። ጣቶቿ ምን ይፈልጉ እንደነበር አሁን ገባኝ። ዚነት እጄን ለምን እንዳየችው። ሲቲ ስለየትኛዋ እጅ እንደነገሩኝ።

«እኔ ነበርኩ» አልኳት።

እናቴ እጄን አልለቀቀችም።

«ሐኪሙ በመሐላቸው ሦስት አራት ሰዓት ይሁን ብሎኝ ነበር። እኔ ለልጅ አዛን ነገርኩ። ዐስር ሲሆን ስጪ አልኩሽ፣ ዐስር ሆነ፣ ሰጠሽ። ያንቺ ጥፋት የቱ ጋ ነው?»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ያኔ ወረቀት የሌለሽ ልጅ ነበርሽ፣ ፖሊስ ቢጠይቅሽስ። ከዚያ ደግሞ...» ትንፋሿን ሰብሰብ አደረገች። «ሰው ልገድል ነበር እያልሽ ከምታድጊ፣ እናቴ ልትገድል ነበር እያልሽ ብታድጊ ይሻላል አልኩ። እኔ እችለዋለሁ።»

ታውቅ ነበር። የማስበውን ሁሉ ታውቅ ነበር። አንገቴን ደፋሁ፤ መጠየቅ የፈለግኩት ብዙ ነው፣ የወጣኝ ግን ያቺ ማንኪያ ናት።

«ሽሮፑን ቅመሺው ስልሽስ?»

እናቴ አሰበች።

«ጣፋጭ ነበር» አለች።

ሮዟን ከመዳፌ ወሰደችና በነጠላዋ ጫፍ፣ በሁለት ቋጠሮ ቋጠረቻት። ሰዓቱ ሲሆን እሰጥሻለሁ አለችኝ። ወደ መካ ጉዟችንን ቀጠልን። ሰላሀዲን በመስታወቱ እያየ ምን ሆናችሁ ይለናል፣ ምንም እንለዋለን። ሐረም፣ ታላቁ መስጊድ፣ ደርሰን፣ ሰላሀዲንን ሰዓት ጠይቀን፣ ጊዜው ሞላ ሲለን እናቴ ቋጠሮዋን በጥርሷ ፈታች። ከቢጫው በርሜል ዘምዘም በብርጭቆ ቀዳች። እንደለመደችው መጀመሪያ ወደ ራሷ አፍ ወሰደችው።

እጇን ያዝኳት።

«አትቅመሺው እማ» አልኳት። «ስጪኝ።»